ከጀርመን ተማሪዎች ጋር የምንሠራው የዌብ ዲዛይን ፕሮጀክት፦ የግምገማ ቅጹን እንዴት ልሙላው?

የሆጤ ልጅ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ወሎ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ስሆን፣ በዚህ መንፈቅ ዓመት የምንማረው የዌብ ዲዛይን ኮርስ ጀርመን ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ ጋር በጋራ የሚሰጥ ነው። ከእኛ ሦስት፣ ከእነርሱም ሦስት ሆነን በአንድ ቡድን ተመድበናል። ሥራችን ስለ ሐይቅና ስለ ባቲ ገበያ ለጎብኚዎች የሚያስረዳ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚነበብ ድረ ገጽ መሥራት ነው። መጋቢት 8 ቀን ጀምረን እነሆ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደርሰናል። እስከ ሚያዝያ 20 ቀን ድረስ እያንዳንዳችን የቡድን ጓደኞቻችንን ከ5 የምንመዝንበትን ቅጽ ሞልተን ማስረከብ ይጠበቅብናል፤ ከኮርሱ ውጤት 20 በመቶው የሚገኘው ከዚሁ ቅጽ በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። እስካሁን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘግቼዋለሁ።

ስብሰባችን ሰኞ ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ረመዳንና ሁዳዴ ዘንድሮ ስለተገጣጠሙ ከሦስታችን መካከል በዚያ ሰዓት እህል የቀመሰ አልነበረም፤ ቢሆንም አንድም ቀን አልቀረንም። የዒድ ማግስት መጋቢት 22 ቀን እንደ ወትሮው በ10 ሰዓት ስንገባ ግን ስብሰባው አልቆ ሊሰነባበቱ ሲሉ ደረስን። «በዓል ስለሆነ የማትመጡ መስሎን ዋና ዋናውን ወስነናል» አሉን። ሰዓቱን ማን እንደ ቀየረው እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እነርሱ ይሠራሉ፣ እኛ ፎቶና ጽሑፍ እናቀብላለን። የአማርኛውን ገጽ አቀማመጥ ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ሌሊት ተቀምጠን ሠርተን፣ ፋይሉን ዚፕ አድርገን በቴሌግራም ላክንላቸው። በማግስቱ ስናየው ጽሑፉ ተወስዶ ሌላው ሁሉ ተጥሏል። ከሁሉም ያንገበገበኝ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ከጉግል ፎንትስ የምትጠራዋን አንዲት መስመር አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መሰረዛቸው ነው። አሁን ገጹ በእኔ ስልክ ላይ አንድ መልክ፣ በላብራቶሪው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሌላ መልክ አለው፤ ከእነርሱ በአንደኛው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ባዶ ሣጥን ብቻ ተደርድሮ ይታያል። በእንግሊዝኛው ገጽ ርዕሶቹ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ስለሆኑ ከሩቅ ይለያሉ፤ በአማርኛው ግን ርዕሱና ዝርዝሩ አንድ ሆኖ ቀርቷል። «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለው ጽሑፍ ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል በተለካ ቁልፍ ውስጥ ስለገባ «ተጨማሪ ያን» ላይ ይቆረጣል።

ጓደኛችን ሰኞ በሌሊት ተነሥቶ ባቲ ድረስ ወርዶ የገበያውን ፎቶ አንሥቶ መጥቶ ነበር። አንዱንም አልተጠቀሙበትም፤ በምትኩ ሰው የሌለበት የሸክላ ዕቃ ምስል አድርገዋል። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተጻፈው እንግሊዝኛ ደግሞ ማንኛውም ጎብኚ ገብቶ ማየት እንደሚችል ይናገራል፤ ወደ ገዳሙ ሴት እንደማትገባ ሐይቅ አጠገብ ያደገች እኔ እያለሁ! ያንን እንኳ እንዳላርም ሪፖዚተሪው (የፕሮጀክቱ ፋይሎች በጋራ የሚቀመጡበት ቦታ) ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለኝም። በነገራችን ላይ በዝርዝራቸው ላይ የተመዘገብኩት የአባቴ ስም ቀድሞ ስለሆነ በየስብሰባው በአባቴ ስም ይጠሩኛል። ለማረም ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ይሉኝታ ያዘኝ፤ አሁንማ ዌብ ዲዛይን የሚማረው አባቴ እየመሰለኝ መጥቷል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ሁለት ነው። ቅጹ ላይ የተሰማኝን እንዳለ ልጻፍ ወይስ ሰላም ይሻላል ብዬ ለሁሉም 5 ልስጥ? ለቀሪው ጊዜስ መምህራችን ቡድኑን ለሁለት እንዲከፍሉት መጠየቅ ነውር ይሆን?

---

ቧንቧ ውሃ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣ አብሽሪ። እኔም ከዓመታት በፊት ደሴ ላይ ተመሳሳይ ነገር አልፌበታለሁ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ድረ ገጽ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። የሚያስከፋሽን ነገር ብናገር ይቅር በይኝ፤ ችግራችሁ የጀመረው ሥራችሁን ዚፕ አድርጋችሁ በቴሌግራም የላካችሁ ጊዜ ነው። ዚፕ የተደረገ ሥራ ተቀባዩ የፈለገውን መዝዞ የቀረውን የሚጥልበት ሥራ ነው፤ ምን እንደ ተጣለ፣ ማን እንደ ጣለው፣ ለምን እንደ ጣለው አሻራ አይኖርም።

የፋይል ለውጥን ሁሉ እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን ጊትን ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የፈጠረው በየአገሩ ተበትነው የሊኑክስን ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) ለሚሠሩ፣ ብዙዎቹ በአካል ተያይተው ለማያውቁ ሰዎች ነው። ስለዚህ ከእናንተ ሁኔታ ጋር የሚስማማ መሣሪያ ነው። ብዙ ተማሪ ጊትን የጊት ሥራዎች በኢንተርኔት ከሚቀመጡበት ከጊትሀብ ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያስብ ኢንተርኔት ከሌለ የማይሠራ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ የላፕቶፕሽ ባትሪ እስካለ ድረስ ኮሚት ማድረግ፣ ማለትም ለውጥሽን መመዝገብ ትችያለሽ፤ ሁሉም ነገር በራስሽ ማሽን ላይ ይመዘገባል። ኔትወርክ የሚያስፈልግሽ ፑሽና ፑል ለማድረግ (ለውጥ ለመላክና ለመቀበል) ብቻ ሲሆን፣ የአንድ ቀን የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ (የገጹ ይዘትና መልክ የሚጻፍባቸው ኮዶች) ለውጥ ደግሞ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። እኔ የሌሊት ፓኬጅ እየጠበቅሁ ነበር ፑሽ የማደርገው።

ፎቶን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከስልክ እንደ ወጣ 5 እና 6 ሜጋባይት የሆነ ምስል ወደ ሪፖዚተሪ አታስገቡ። አንድ ጊዜ ከገባ፣ ብትሰርዙትም በታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር እያንዳንዱ አዲስ ሰው ሪፖዚተሪውን ሲያወርድ አብሮት ይወርዳል። አስቀድማችሁ ስፋቱን ቀንሱትና ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የምስል ቅርጽ ቀይሩት።

የመጻፍ ፈቃድ እንዲሰጣችሁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ። ከዚያ «የአማርኛ ገጽ» የሚል የራሳችሁን ብራንች (የተለየ የሥራ ቅርንጫፍ) ክፈቱና ለውጣችሁን በትንሽ በትንሹ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር እያስረዳችሁ ኮሚት አድርጉ። ወደ ዋናው ብራንች ሲገባ በፑል ሪኩዌስት (ሌሎች አይተው እንዲያስገቡት በሚቀርብ ጥያቄ) ይሁን፤ ያኔ ማን የትኛውን መስመር እንደ ሰረዘ በአደባባይ ይታያል፤ ምክንያቱንም መጠየቅ ይቻላል።

ለቅጹ ደግሞ የኮሚቱን ታሪክ ማስረጃ አድርጊ። ማን ስንት ኮሚት እንዳለው ይታያል፤ ውጤቱን በዚያው ልክ መስጠት ነው።

---

ወሎዬው ከላይፕዚግ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሆጤ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ በሁለቱም በኩል የቆምኩ ያህል ተሰማኝ። ተወልጄ ያደግሁት ወረባቦ ነው፤ አሁን እዚህ ጀርመን ውስጥ እማራለሁ። ከጠቀስሻቸው ነገሮች ቢያንስ ሦስቱን መግለጽ የምችል ይመስለኛል።

መጀመሪያ የፎንቷ መስመር። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ሙኒክ የሚገኝ ፍርድ ቤት በአንድ የድረ ገጽ ባለቤት ላይ ፈርዶበት ነበር። ጥፋቱ ፎንት ከጉግል ሰርቨር በቀጥታ መጥራቱ ነው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር የጎብኚው የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ) ጎብኚው ሳይፈቅድ ወደ ጉግል ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ይጥሳል ተባለ። ለከሳሹ የተፈረደለት 100 ዩሮ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያንኑ ፍርድ እየጠቀሱ ገንዘብ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በየድርጅቱና በየትንንሹ ሱቅ ጎረፉ። ስለዚህ እዚህ ዌብ ዲዛይን የሚማር ልጅ ያችን መስመር ሲያይ እጁ ሳያስበው ወደ መሰረዣው ይሄዳል። አማርኛን ንቆ አይደለም። ያጠፋው ግን ሁለት ነገር አለ፤ አልነገራችሁም፣ ምትክም አላስገባም።

ምትኩ ቀላል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ማንም ሰው በነፃ እንዲጠቀምበትና ከሥራው ጋር እንዲያሰራጨው በሚፈቅድ የክፍት ፎንት ፈቃድ የወጣ ነው። ፋይሉን አውርዳችሁ ለድረ ገጽ ተብሎ ወደ ተጨመቀው ዎፍ 2 ቅርጽ ከቀየራችሁ በኋላ በራሳችሁ ድረ ገጽ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡትና በሲኤስኤሱ የፎንት ፌስ ደንብ ጥሩት። በዚያው ደንብ ውስጥ የዩኒኮድ ክልሉን (ፎንቱ ለየትኞቹ ፊደላት እንደሚያገለግል) ብትወስኑለት፣ የግዕዝ ፊደል የሌለበት ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ ፎንቱን ጨርሶ አያወርደውም፤ የእነርሱ የእንግሊዝኛ ገጽ በአንድ ባይት አይከብድም ማለት ነው። እንዲህ ብለሽ ስትነግሪያቸው የሚከራከር አይኖርም።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ማንም አልቀየረውም፤ ወይም የቀየረው መንግሥታቸው ነው። በአውሮፓ በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት በአንድ ወደ ፊት ይገፋል። ዘንድሮ ያ እሑድ መጋቢት 21 ቀን፣ ልክ ዒድ የዋለ ዕለት ነበር። ስብሰባው በቀን መቁጠሪያቸው የተያዘው በበርሊን ሰዓት 14:00 ተብሎ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ለእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን 9 ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ክረምት ከበጋ ስለማይነቃነቅ ነገሩ ትዝ የሚለን ከተበላሸ በኋላ ነው። በኦክቶበር ወር መጨረሻ ተመልሶ ወደ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። የስብሰባውን ጥሪ አንቺ ላኪው፣ የሰዓት ክልሉንም «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» የሚለውን ምረጪ፤ ያኔ ሰዓት ሲዛነፍ መንቃት የእነርሱ ተራ ይሆናል።

ሦስተኛው የባቲው ፎቶ። እዚህ አገር የሰውን መልክ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተገደበ ስለሆነ፣ ፊት የሚለይበት የገበያ ፎቶ ሲያዩ ይደነግጣሉ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህ ነገር ትርፍ መስሎኝ ስከራከር ነበር። ኋላ ላይ ግን የእኛው የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ያንኑ እንደሚል አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛዬ አሳየኝና አፈርኩ፤ ለየት ያሉ ሁኔታዎችን የሚዘረዝረው ተከታዩ አንቀጽ ነው። ፍየል ይዛ የመጣችውን እናት «እናቴ፣ ፎቶሽን ኢንተርኔት ላይ ላውለው?» ብሎ መጠየቅ ከጨዋነትም አይወጣም።

---

ከወልድያ መናኸሪያ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሉም ሰው እንዴት እንደሚግባቡ ይመክራል፤ እኔ ግን ተከፈሉ እላለሁ። እናንተ አማርኛውን፣ እነርሱ እንግሊዝኛውን ይሥሩና በመጨረሻ በአንድ ሊንክ ይገናኝ። እኛ እንዲያ አድርገን በሰላም ጨርሰናል፤ ካሜራ ክፈቱ ብሎ ዳታችንን የሚጨርስብንም አልነበረም።

---

የማስተምር ሰው
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዚህ ዓይነት የጋራ ኮርስ ላይ ከአስተማሪዎቹ በኩል ለጥቂት ዓመታት የሠራሁ ስለሆንኩ፣ ከዚያ ወገን የሚታየውን ልጨምር። አሠራሩ በውጭ «ኮይል» (በኢንተርኔት የሚካሄድ ዓለም አቀፍ የትብብር ትምህርት) እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፣ በኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሥር ማዕከል የተቋቋመለት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የታሰበው ተማሪ ከአገሩ ሳይወጣ ከሌላ አገር ተማሪ ጋር አንድ ሥራ ሠርቶ እንዲያስረክብ ነው።

ስለዚህ ከወልድያ የጻፉት ወንድሜ ምክር ለሰላም ጥሩ ቢሆንም ለኮርሱ አይሆንም። በአንድ ሊንክ የተገናኙ ሁለት ገጾች ሁለት የቤት ሥራዎች ናቸው፤ እኔ ብሆን እንዲያ የተሠራን ሥራ በግማሽ ውጤት ነው የምመልሰው። ይልቅ እንደ ገጽ ሳይሆን እንደ ውሳኔ ተከፋፈሉ። የፊደል፣ የርዕስ አጣጣልና የቁልፍ ስፋት ውሳኔ በሁለቱም ቋንቋዎች የእናንተ ይሁን፤ የተደራሽነት (ገጹ ማየት ለሚቸግራቸውም ጭምር እንዲመች የማድረግ) እና የፍጥነት ውሳኔ በሁለቱም የእነርሱ ይሁን። ለአማርኛ በቂ የሆነ ቁልፍ ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ተገላቢጦሹ እንደማይሠራ «ተጨማሪ ያን» ነግራችኋለች።

የርዕሱ ነገር ትንሽ ላቆይባችሁ። ጽሑፍን ወደ ትልልቅ ፊደል የሚቀይረው የሲኤስኤስ ትእዛዝ በግዕዝ ፊደል ላይ ምንም አያደርግም፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውምና። ማዝመሙም ቢሆን ብራውዘሩ በግድ የሚያጋድለው እንጂ ፊደሉን የሚያምርበት አይደለም። ታዲያ አባቶቻችን ርዕስን በምን ይለዩ ነበር? በቀይ ቀለም። ብራና ላይ የምዕራፍ መግቢያውና ቅዱሳት ስሞች በቀይ፣ የቀረው በጥቁር ነው የሚጻፈው። ድረ ገጻችሁ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚያወራ ሆኖ ሳለ ከዚያ የተሻለ የንድፍ ሐሳብ ከየት ይመጣል? ቀዩ ጠቆር ያለ ይሁን፤ ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የንፅፅር ልክ ስለሚጠይቅ በነጭ ላይ ብርቱካንማ ቀይ አያልፍላችሁም። የመስመሩንም ከፍታ ከእንግሊዝኛው ዘርጋ አድርጉት፤ ፊደላችን ከላይም ከታችም ቦታ ይፈልጋል።

ወንድማችን ቧንቧ ውሃ ስለ ጊት የጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የመጨረሻዋን ነጥብ ግን አልቀበልም። እኔ አንድ ዓመት በኮሚት ቁጥር ውጤት ሰጥቼ ተታልያለሁ። አንዱ ተማሪ አንዲት አንቀጽ ሠላሳ ቦታ ከፋፍሎ፣ ነጠላ ሰረዝ በጨመረ ቁጥር ኮሚት እያደረገ ከቡድኑ አንደኛ ወጣ። ንድፉን አስባ በወረቀት የሠራችው ልጅ ግን አራት ኮሚት ብቻ ነበራት። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ስለ ቅጹ። እኅታችን፣ ለሁሉም 5 መስጠት ለመምህርሽ ምንም አይነግረውም፤ እንዲያውም ቅጹ ያልተነበበ ይመስለዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ከሥሩ የምትጽፊው ማብራሪያ ነው የሚመዝነው። «አያከብሩንም» ብለሽ አትጻፊ፤ «የፎንቱ መስመር ያለ ማብራሪያ ተሰረዘ፣ በዚህም ምክንያት የአማርኛው ገጽ በሦስት መሣሪያዎች ላይ በሦስት መልክ ታየ» ብለሽ ጻፊ። የእናንተንም ጎዶሎ አብረሽ አስቀምጪ፦ በዚፕ ልካችኋል፣ ሰዓቱ ሲዛነፍ አልጠየቃችሁም። የጀርመን ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚነግሩኝ ቅሬታ ከእኛ በኩል ዝም ያለ ሰው መብዛቱ ነው። እኛ ተከፍተን ዝም እንላለን፣ እነርሱ መስማማት ነው ብለው ይወስዱታል። በቃል መቃወም ከከበደሽ ከስብሰባው በኋላ በጽሑፍ «ይህን ነጥብ አልተስማማንበትም» ማለት ይቻላል፤ ይሉኝታ ጽሑፍ ላይ ይቀንሳል።

ስምሽን ግን ዛሬውኑ አስተካክይ። ከዚያም ነገሩን ወደ ሥራው አምጪው፤ ድረ ገጻችሁ የጎብኚ መመዝገቢያ ቅጽ ካለው «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሣጥን አስወጥታችሁ «ሙሉ ስም» በሚል አንድ ሣጥን ተኩት። ጠቃሚ የንድፍ እርማት ነው፣ ምሳሌውም አንቺው ነሽ።

---

የሆጤ ልጅ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ለቡድኑ ረዘም ያለ መልእክት ጻፍኩ፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ፎንቱ፣ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ስሜም። ፎንቷን የሰረዘው ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መለሰልኝ። እውነትም ምክንያቱ የሙኒኩ ፍርድ ነበር፤ ሁላችንም የምናውቀው መስሎት ኖሯል። የመጻፍ ፈቃዱም ተሰጠን። ጠዋት ፎንቱን በራሳችን ማኅደር አድርጌ ፑሽ ሳደርግ ባዶ ሣጥኖቹ ከእርሱ ላፕቶፕ ላይ እንደ ጠፉ በፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የገዳሙን አረፍተ ነገርም አርሜዋለሁ። ቀዩ ርዕስ ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው፤ እነርሱ የስሕተት መልእክት ይመስላል ይላሉ።

ቅጹን ሞላሁት። ለእርሱ በሥራ 5፣ በመግባባት 3 ሰጥቼ ምክንያቱን ከሥሩ ጽፌያለሁ፤ ለራሳችንም በመግባባት ከ3 በላይ አልሰጠሁም።

የቀረን የባቲ ፎቶ ነው። ጓደኛችን ከዚህ ሰኞ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ሊወርድ ነው፤ በዚህ ጊዜ የፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት ይዞ። አማርኛውን ጽፈነዋል፣ ኦሮምኛውንም የክፍል ጓደኛችን ይጽፍልናል። አፋርኛ አስተካክሎ የሚጽፍልን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙን፤ ጽሑፉ ከአምስት መስመር አይበልጥም።